ወፌ ቆመች ካልን በኋላ

በሰፈራችን የኮብልስቶን መንገድ ዳር ከጫማዬ ብዙም የማይሰፋ የጠርዝ ድንጋይ ተደርድሯል። የስድስት ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መንገዱ አይበቃትም። ድንጋዩ ላይ ትወጣና ቦርሳዋን እንዳዘለች፣ እጆቿን ዘርግታ፣ ወሬዋን ሳታቋርጥ ትሄዳለች። እግሯን እንኳ አታይም። እኔ «ተሰጥኦ አላት» እያልኩ እደነቃለሁ፤ አያቷ ከደጃፍ ሆነው «ኧረ በማርያም፣ አውርዳት!» ይላሉ።

ተሰጥኦ የሚለው ቃል ግን ፊዚክስ ፊት ሲቀርብ ይቸገራል። መዳፍዎ ላይ የመወልወያ እንጨት ለማቆም ይሞክሩ፤ ጥቂት ከተለማመዱ ይሳካል። እርሳስ ግን እጅዎ ሳይደርስለት ይወድቃል። አጭር ነገር ከረጅም ነገር ፈጥኖ ነው የሚጋደመው፤ እኩል አዘንብለው ቢለቀቁ የአንድ ሜትር እንጨት ለመውደቅ የሚፈጅበት ጊዜ የሩብ ሜትሩን እጥፍ ነው። በዚህ ስሌት ልጄ ወደ እርሳሱ ትቀርባለች፣ እኔ ወደ መወልወያው። ስታጋድል ራሷን ለማቅናት ያላት ጊዜ ከእኔ ያንሳል። ጨቅላ ሕፃን ደግሞ ከላይ ይከብዳል፦ ሲወለድ ጭንቅላቱ የቁመቱን ሩብ ያህል ይይዛል፤ የአዋቂ ሰው አንድ ስምንተኛ ገደማ ነው።

የሚዛን መጠበቂያ መሣሪያው በእርግጥ ቀድሞ ተሠርቷል። በውስጠኛው ጆሮ ፈሳሽ የሞላባቸው፣ እንደ ቀለበት የተጠማዘዙ ሦስት ቱቦዎች አሉ። ራሳችንን ስናዞር ቱቦው አብሮ ይዞራል፣ ፈሳሹ ግን ለአፍታ ወደ ኋላ ይቀራል። ያቺ መዘግየት የጥቃቅን ሴሎችን ፀጉር ታጎብጣለች፤ ወሬው ወደ አንጎል ይደርሳል። አጠገባቸው ያሉ ሁለት ከረጢቶች ደግሞ በካልሲየም ካርቦኔት ቅንጣቶች ክብደት ታች የት እንደሆነ ይለያሉ። ሮበርት ባራኒ ይህን የሚዛን አካል በማጥናቱ የ1914 (እ.ኤ.አ.) የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። የሚገርመው፣ ሕፃን ሲወለድ ይህ አካል መጠኑ የአዋቂን ያህል ነው።

የሚቀረው ሽምግልናው ነው። ጆሮ አንድ ይላል፣ ዓይን ሌላ ይላል፣ ጡንቻና መገጣጠሚያም የየራሳቸውን ይመሰክራሉ፤ አንጎል ማንን መቼ እንደሚያምን መማር አለበት። ገና መቆም የጀመረ ሕፃን ዓይኑን ያስበልጣል። ዴቪድ ሊ እና ኤሪክ አሮንሰን በ1974 ባሳተሙት ሙከራ ሕፃናትን ወለሉ በማይነቃነቅ፣ ግድግዳው ግን በሚንቀሳቀስ ክፍል ውስጥ አቆሟቸው። ግድግዳው ሲንቀሳቀስ፣ የረገጡት ወለል ፍንክች ሳይል፣ ሕፃናቱ ተንገዳገዱ፤ የወደቁም ነበሩ።

እና እንዴት ይማራሉ? በመውደቅ ነዋ። እኛ «ወፌ ቆመች» ብለን ካጨበጨብን በኋላ ያለውን ማን ቆጥሮ ያውቃል? ካረን አዶልፍና ባልደረቦቿ ቆጥረዋል። በ2012 ባወጡት ጥናት ከ12 እስከ 19 ወር ያሉ ሕፃናት በነፃነት ሲጫወቱ በሰዓት በአማካይ 2,368 እርምጃ ተራምደው 17 ጊዜ ወድቀዋል። እኔ በሰዓት 17 ጊዜ ብወድቅ ሆስፒታል ነበርኩ። ለእነሱ ግን ርካሽ ነው፦ 10 ኪሎ የሚመዝንና 75 ሳንቲሜትር የሚረዝም ልጅ መሬት ሲመታ የሚያርፍበት ኃይል፣ 70 ኪሎና 1.75 ሜትር የሆነ ሰው ሲወድቅ ከሚያርፍበት ከ15 እጥፍ በላይ ያንሳል። ለአያቷ ይህን ስሌት ነግሬያቸዋለሁ፤ አላሳመናቸውም።

ቅዳሜ ዕለት «አባዬ፣ ዓይንህን ጨፍነህ በአንድ እግር ቁም» አለችኝ። አሥራ አንድ ስትቆጥር እግሬ መሬት ነካ። ተራዋ ደረሰና ዓይኗን ጨፈነች። አራት ላይ ተንገዳግዳ ልብሴን ያዘች። ከዚያ ዓይኗን ገልጣ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ ወደ ድንጋይዋ ተመለሰች።