ነጸብራቁን እናጥፋ፣ ወርቁን ግን እናትርፍ

ሠዓልያን ለዐውደ ርእይ ካታሎግ ሥራቸውን እንዳነሣላቸው ሲጠሩኝ፣ ቅሬታቸው ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ ቀድሞ በተነሣው ፎቶ ላይ የቫርኒሹ ነጸብራቅ ቀለሙን ውጦታል። ጥቁሩ ግራጫ፣ ጥልቁ ሰማያዊ ደግሞ ነጣ ያለ ሆኗል። በሙያው ያሉ ወጣቶችም ለዚህ ብለው ለሌንሳቸው ፖላራይዘር ይገዙና ነጸብራቁ አልጠፋ ሲላቸው ፊልተሩ አይሠራም ብለው ይተዉታል።

ችግሩ ከፊልተሩ አይደለም። የፍላሽ ብርሃን በሁሉም አቅጣጫ ይርገበገባል፤ ፖላራይዘር ደግሞ በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገበውን ብቻ ያሳልፋል። መስታወት ራሱ የሚመልሰውን ብርሃን ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያሲዘው ብርሃኑ በ56 ዲግሪ ገደማ ሲያርፍበት ነው፤ ቫርኒሽም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ፊት ለፊት የተተኮሰ ፍላሽ ግን እንደተደበላለቀ ስለሚመለስ፣ የሌንሱ ፊልተር ብቻውን ነጸብራቁን ከቀለሙ ሊለይ አይችልም።

ስለዚህ ብርሃኑን ከምንጩ መግራት ያስፈልጋል። ሁለት ፍላሾችን ከሥዕሉ ግራና ቀኝ በ45 ዲግሪ አቆማለሁ፤ በሁለቱም ፊት የፖላራይዘር ፊልም በአንድ አቅጣጫ አደርጋለሁ። የሌንሱን ፊልተር ደግሞ ከእነሱ ጋር 90 ዲግሪ እስኪሆን አዞራለሁ። ከቫርኒሹ ገጽ ነጥሮ የመጣው ብርሃን አቅጣጫውን እንደያዘ ስለሆነ ይታገዳል። ቀለሙ ውስጥ ገብቶ ተበታትኖ የወጣው ግን አቅጣጫውን ስላጣ ከፊሉ ያልፋል። የቀለሙን እውነተኛ መልክ ይዞ የሚመጣው ይኸኛው ነው።

ማስተካከያዬ ተራ የብረት ማንኪያ ነው። ከሥዕሉ አጠገብ አስቀምጬ፣ የፍላሾቹ ብልጭታ ከማንኪያው ላይ እስኪጠፋ ድረስ በሙከራ ፎቶ እያየሁ ፊልተሩን አዞራለሁ። በዚህ አሠራር ካሜራው የሚያገኘው ብርሃን ወደ አንድ ስድስተኛ ገደማ ይወርዳል፤ የፍላሹን ኃይል መጨመር ግድ ነው። ፊልሙ ፕላስቲክ በመሆኑ የሞዴሊንግ መብራት ሙቀት ያበላሸዋል። ሁለቱ ፊልተሮች የቀለም ሚዛኑን ስለሚያዛቡም፣ የቀለም ካርዱን በዚያው ብርሃን ማንሣት ያሻል።

ወርቅ ሲመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። ብረት ብርሃንን ከገጹ ላይ አቅጣጫውን ሳያስጥል ይመልሳልና፣ በዚህ ዘዴ ሲነሣ የወርቅ ቅብ ይጠቁራል። በወርቅ የተቀባ የቅዱሳን አክሊለ ብርሃን የደበዘዘ ቡናማ መስሎ ይቀራል። ወፍራም የዘይት ቀለም ላይ የብሩሹን ጉዞ የሚያሳየው ትንሽ ብልጭታም አብሮ ይጠፋል። እንዲህ ያለ ፎቶ ቀለሙን በትክክል ቢመዘግብም፣ ሥዕሉን ሠዓሊው እንዳሰበው አያሳይም።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሥራ ሁለት ፎቶ አነሣለሁ፦ አንዱን ነጸብራቁን ሙሉ በሙሉ አጥፍቼ፣ ሌላውን ፊልተሩን ጥቂት መልሼ፣ ወርቁና የብሩሹ ጉዞ እስኪታዩ ድረስ። የመጀመሪያው ለመዝገብ፣ ሁለተኛው ለካታሎግ ይሆናል። ባልደረቦቼ ሆይ፣ ፊልተሩን ከማዞራችሁ በፊት ሠዓሊውን ጠይቁ፤ የትኛው ብልጭታ እንቅፋት፣ የትኛው የሥራው አካል እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ነው። ፍላሽ በተከለከለበት ሙዚየም ወይም ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ክልከላውን አክብሩ፤ የትኛውም ፊልተር ፈቃድ አይሆንም።