ቴርሞሜትሩ 92፣ ሪፖርቱ 100

ከተማሪዎቻችን የቤተ ሙከራ ሪፖርቶች ውስጥ «ውኃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል» የሚል ከኢንተርኔት የተቀዳ ውጤት ደጋግሞ ያጋጥመናል። ቁጥሩ በራሱ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን የሚሠራው በባሕር ጠለል ላይ ለሚገኘው የ101.3 ኪሎፓስካል የአየር ግፊት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለምትገኝ የአየር ግፊቷ ወደ 76 ኪሎፓስካል ይወርዳል። አንድ ፈሳሽ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከአካባቢው የአየር ግፊት ጋር ሲተካከል በመሆኑ፣ በከተማችን ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ባቄላ እዚህ ለመብሰል ረዘም ያለ ጊዜ የሚፈጅበትም ምክንያት ይኸው ነው።

እንግዲህ ቴርሞሜትሩ 92 እያሳየው 100 ብሎ የጻፈ ተማሪ ትክክለኛውን ልኬት ሰርዞ የሌላ ቦታ ቁጥር ተክቷል። የ8 ዲግሪው ልዩነት ከየት እንደመጣ የመመርመር ዕድሉም አብሮ አምልጦታል።

ስለዚህ ኢንተርኔትን ከመክፈታችን በፊት እንለካ። ከዚያም ያገኘነው ቁጥር በምን ሁኔታ እንደተለካ እናጣራ፤ ምንጩንና ያነበብንበትን ቀን እንመዝግብ። ልዩነት ሲኖርም የራሳችንን ልኬት ሳንነካ ምክንያቱን በራሳችን ቃላት እናብራራ።