የጥንት ምላጭ ዕድሜው በምን ይታወቃል?

ከእንጅባራ ከተማ አጠገብ የሚገኘው የዘንገና ሐይቅ በእሳተ ገሞራ በተከፈተ ጕድጓድ ውስጥ የተኛ ነው። ዕድሜውን ለማወቅ የሚሻ ሰው የሽማግሌዎችን ትረካ በደስታ ያዳምጣል፤ ፍርዱን የሚሰጠው ግን በዙሪያው ያለውን ድንጋይ መርምሮ ነው። ከአያት በወረስነው ዕቃ ላይም የሚሠራው ደንብ ይኸው ነው።

የዛሬው ንግግራችን ስለ ታጣፊው ምላጭ ነው። ተለዋጭ ስለት ያለው መላጫ ኪንግ ጂሌት በተባለው አሜሪካዊ በ1904 የፈጠራ መብት ተሰጥቶበት ከመስፋፋቱ በፊት፥ የወንዶች ጢም የሚላጨው በዚህ ነበር። በሥራውም እጅግ የታወቁት ከተሞች የእንግሊዝ ሼፊልድና የጀርመን ዞሊንገን ናቸው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

አንባቢ ሆይ፥ አስቀድመህ የምላጩን አንገት፥ ማለት በስለቱና በጅራቱ መካከል ያለውን ስፍራ ተመልከት። የሠሪው ምልክት የሚታተመው በዚያ ነው። ከዘውድ ጋር «ደብልዩ አር» የሚሉ የላቲን ፊደላት ካሉበት ከ1830 እስከ 1837 የነገሠው የንጉሥ ዊልያም፥ «ቪ አር» ከሆነ ከ1837 እስከ 1901 የነገሠችው የንግሥት ቪክቶሪያ ምልክት ነው። አሜሪካ ደግሞ በ1890 ባወጣችው የቀረጥ ሕግ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር ስም እንዲጻፍበት አዘዘች። ስለዚህ የአገር ስም የታተመበት ምላጭ በአብዛኛው ከዚያ ወዲህ የተሠራ ነው። «ምዕራብ ጀርመን» የሚል ከሆነም ከ1949 በፊት ሊሆን አይችልም።

በምልክቱ ላይ የሚነበብ ዓመት ግን አያታልልህ። የዞሊንገኑ የሄንክልስ ቤት የመንትያዎች ምልክት የተመዘገበው በ1731 ነው፤ ይህ የምልክቱ ልደት እንጂ የምላጩ ልደት አይደለም። አባቶቻችን በማርያ ትሬዛ ብር ይህን ያውቁታል፤ ንግሥቲቱ በ1780 ከሞተች ከመቶ ዓመት በኋላ የተመታው ብር እንኳ 1780 የሚለውን ቍጥር ይዞ ወጥቷል።

ሁለተኛው ምስክር የስለቱ ቅርጽ ነው። የቀደሙት ምላጮች ወፍራምና እንደ ሽብልቅ የሆኑ፥ ጅራታቸውም አጭር ነው። ጎናቸው ወደ ውስጥ የጎደጎደ ቀጫጭን ምላጮች የተስፋፉት በ19ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ነው።

ሦስተኛው እጀታው ነው። ቀንድ፥ አጥንትና የዝሆን ጥርስ በየዘመኑ አገልግለዋል፤ ሴሉሎይድ የተባለው ሰው ሠራሽ ነገር ግን ከ1870 ገደማ ወዲህ የመጣ ነው። እጀታ ሊለወጥ ስለሚችል ብቻውን አይታመንም፤ ችንካሩ የተነካ መሆኑንም ማየት ያሻል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ከ1925 እስከ 1934 ሜጀር ቺዝማን የተባለው የእንግሊዝ ቆንስል መቀመጫው ዳንግላ ነበር። አንድ ነጋዴ «ይህ የቆንስሉ ምላጭ ነው» ብሎ ብዙ ገንዘብ ቢጠይቅና አንገቱ ላይ «ምዕራብ ጀርመን» የሚል ቢገኝ፥ ክርክሩ በዚያው ያበቃል። «ሼፊልድ፥ ኢንግላንድ» ቢልስ? ዘመኑ ሊስማማ ይችላል፤ የማን እንደ ነበረ ግን ብረቱ አይናገርም።

እንግዲህ በሣጥንህ የአያትህ ምላጭ ካለ፥ ዝገቱን በአሸዋ ወረቀት አትፈግፍገው፤ ከዝገቱ ጋር ጽሕፈቱም ይጠፋልና። በለስላሳ ጨርቅ ጥረገውና ጥቂት ዘይት ቀባው። እንዳይላጩበትም ከልክል፤ ደም የነካው ስለት በሽታ ያስተላልፋል። አንድ ምልክት ብቻውን ምላጩ ከመቼ በፊት እንዳልተሠራ ይነግርሃል፤ ሦስቱ ሲስማሙ ግን ዘመኑን በድፍረት ለልጆችህ ልትነግራቸው ትችላለህ።