የአሰላ ዳገትና የካምቢዮ ዘይት

ከአዳማ ወደ አሰላ የሚሄድ መኪና 75 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ ከ700 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። መኪናው እንደ ቶዮታ ፕሪየስ በቤንዚንና በባትሪ የሚሠራ ሃይብሪድ ከሆነ፣ ኤሌክትሪክ ሞተሮቹ የሚገኙት ከማርሾቹ ጋር በካምቢዮው ውስጥ ነው። ስለዚህ ዘይቱ ማርሾቹን ከማለስለስ አልፎ ሞተሮቹንም ያቀዘቅዛል። ቁልቁለት ሲወርድም ሞተሮቹ ባትሪውን ይሞላሉ እንጂ አያርፉም።

እንግዲህ «የካምቢዮ ዘይት ዕድሜ ልክ ያገለግላል» የሚለውን ወሬ አንመን፤ ይልቁንም አገልግሎ በተገዛ መኪና።

ዘይቱ ሲለወጥ መኪናው ደልዳላ ቦታ ይቁም። ከማፍሰሻው ብሎን በፊት የመሙያው ይፈታ፤ ዘይቱ ከፈሰሰ በኋላ መሙያው አልፈታ ቢል መኪናው ባለበት ቀረ ማለት ነው! ፋብሪካው ያዘዘው ዘይት ብቻ እስከ መሙያው አፍ ይሞላ፤ ሌላው የሞተሮቹን ጥቅል ሽቦ ሊጎዳ ይችላል።

ለዕረፍት ወደ አርሲ ስንወጣ፣ በመኪናቸው ለሚተዳደሩ ወገኖቻችን ይህን እንንገር።