የኮንክሪት ስንጥቅ ምን ያመለክታል? ፊዚካላዊና ኬሚካላዊ ለውጥን መለየት

በዶሃና በአካባቢዋ በግንባታና በሕንፃ ጥገና የተሰማሩ ሠራተኞች የተሰበረ ወይም የተሰነጠቀ ነገር ሳያጋጥማቸው የሚውሉበት ቀን ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ስብራት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ልዩነቱን ማወቅ ለትክክለኛ ጥገና፣ ከዚያም አልፎ ሕይወትን ከአደጋ ለመጠበቅ ይረዳል።

የአንድ ቁስ ቅርፅ ወይም መጠን ተለውጦ ምንነቱ ሳይለወጥ ሲቀር ለውጡ ፊዚካላዊ ይባላል። ከእጅ ወድቆ የተሰባበረ ሴራሚክ እያንዳንዱ ስባሪው ያው ሴራሚክ ነው። በኬሚካላዊ ለውጥ ግን ሌላ ባሕርይ ያለው አዲስ ነገር ይፈጠራል። ብረት ከኦክስጅንና ከውሃ ጋር ተዋሕዶ ሲዝግ የሚገኘው ቡናማ ነገር የብረት ጥንካሬ የለውም፤ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል።

ሁለቱ ለውጦች በአንድ ስንጥቅ ውስጥ የሚገናኙበት ጉልህ ምሳሌ በፌሮ የተጠናከረ ኮንክሪት ነው። ሲሚንቶ አልካላይ በመሆኑ በፌሮው ላይ ከዝገት የሚከላከል ስስ ሽፋን ይፈጠራል። የውቅያኖስ ውሃ በአንድ ኪሎ ግራም በአማካይ 35 ግራም ጨው ሲይዝ፣ በኳታር ዙሪያ ያለው የባሕረ ሰላጤው ውሃ ግን 40 ግራም ገደማ ይይዛል። ከባሕሩ የሚነፍሰው እርጥብ ነፋስና ጨዋማው የከርሰ ምድር ውሃ የሚያመጡት ክሎራይድ በኮንክሪቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ሰርጎ ፌሮው ላይ ሲደርስ ይህን ሽፋን ያፈርሰዋል። ዝገቱም ከብረቱ የበለጠ፣ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት እጥፍ የሚደርስ ቦታ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን ከውስጥ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። የኮንክሪቱ መሰንጠቅ ፊዚካላዊ ቢሆንም መንስኤው ኬሚካላዊ ነው።

ምልክቶቹ በዓይንና በጆሮ ሊታወቁ ይችላሉ። ስንጥቁ የፌሮውን መስመር ተከትሎ ይሄዳል፤ ቡናማ እድፍ ይታይበታል፤ በመዶሻ ቀስ ተደርጎ ሲመታ ባዶ ድምፅ ያሰማል። እንዲህ ያለውን ስንጥቅ በልስን ብቻ መሸፈን ዝገቱን አያቆመውም። የላላውና ጨው የገባበት ኮንክሪት ተነሥቶ፣ ፌሮው ከዝገት ጸድቶ መጠገን ይኖርበታል። አለበለዚያ ከሰገነት ወይም ከጣሪያ የሚረግፍ ቁራጭ ከሥር ለሚያልፍ ሰው አደጋ ነው።

ከፍታ ላይ ለሚሠሩ ሠራተኞች ደግሞ የናይሎን ገመድና የደህንነት ቀበቶ ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይሻሉ። በስለት የተቆረጠ ገመድ ጉዳቱ ፊዚካላዊ ነው፤ በግልጽም ይታያል። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ግን የናይሎኑን ረጃጅም ሞለኪውሎች ቀስ በቀስ ስለሚበጣጥስ፣ ገመዱ ሳይቆረጥ ጥንካሬውን ያጣል። ስለዚህ ቀለሙ የፈዘዘ፣ የደረቀ ወይም የሻከረ ገመድና ቀበቶ ሙሉ ቢመስልም ከሥራ በፊት ለደህንነት ተቆጣጣሪ ማሳየትና እንዲተካ መጠየቅ ይገባል።