የገዛነው ጌም እስከ መቼ የኛ ነው?

ገንዘብ ከፍለን የወሰድነው ዕቃ የኛ እንደሆነ እናምናለን። ዲስኩ በእጃችን ነው፣ ደረሰኙም አለ። የኮምፒውተር ጌምና ሶፍትዌር ላይ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ለልጆቻችን ከምንገዛቸው ነገሮች አንዱ እየሆነ ስለመጣ ጉዳዩን በጥቂቱ ልናብራራው ወደድን።

መነሻው «አክቲቬሽን» የሚባለው አሠራር ነው። ጌሙ ሲጫን ከዕቃው ጋር የመጣውን ሚስጥራዊ ቁጥርና ስለ ኮምፒውተሩ ክፍሎች የሰበሰበውን መረጃ በኢንተርኔት ወደ ድርጅቱ ሰርቨር ይልካል። ሰርቨሩም ቁጥሩ በየትኛው ኮምፒውተር ላይ ሥራ እንደጀመረ ይመዘግባል። ገደብ የተጣለባቸው ጌሞች ላይ ይህ ምዝገባ ከሁለት፣ ከሦስት ወይም ከአምስት ጊዜ በላይ አይፈቀድም። ኮምፒውተሩ ፎርማት ከተደረገ ወይም ዋና ዋና ክፍሎቹ ከተቀየሩ ሰርቨሩ ያንኑ ማሽን እንደ አዲስ ሊቆጥረው ይችላል። ማሽኑ ተቃጥሎ ከቀረም ዕድሉ አብሮት ይቀራል። ፎርማት ማድረግ የየወሩ ሥራ በሆነበት አገራችን ሦስት ዕድል ምን ያህል እንደሚያስኬድ አንባቢ ይገምተው።

የዚህ አሠራር ታዋቂ ምሳሌ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2008 በኤሌክትሮኒክ አርትስ ለገበያ የቀረበው «ስፖር» ነው። ሴኩሮም በተባለ መቆለፊያ ተጠብቆ በሦስት ኮምፒውተሮች ላይ ብቻ እንዲጫን ተደርጎ ነበር። ገዢዎች ተቆጡ። በአማዞን ገጽ ላይ ከሁለት ሺህ በላይ ሰዎች አንድ ኮከብ ብቻ በመስጠት ቅሬታቸውን አሰሙ፤ አሜሪካ ውስጥ ክስም ተመሠረተ። ድርጅቱ በዚያው ወር ገደቡን ወደ አምስት ከፍ አደረገው። የሚገርመው፣ መቆለፊያው የተሰበረበት ሕገ ወጥ ቅጂ ጌሙ በይፋ ከመውጣቱ ቀናት ቀድሞ ተሰራጭቶ ነበር። ስለዚህ ገደቡ ያጠበቀው በሐቅ የከፈለውን ሰው ላይ ነው። ሌብነቱን ለማሞገስ አይደለም ይህን የምንለው።

ገደቡን ማንሳት እንደሚቻል «ባዮሾክ» አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2007 ሲወጣ የተፈቀደው ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር። ቆይቶ አምስት ሆነ፤ በ2008 ደግሞ ገደቡ ጨርሶ ተነሳ።

ከቁጥሩ የሚከፋው ግን ሰርቨሩ ራሱ ሲዘጋ ነው። ፈቃድ የሚሰጠው አካል ከሌለ ያልተነካ ዲስክም ዋጋ የለውም። ዩቢሶፍት በ2014 ያወጣውን «ዘ ክሩ» የተባለ የመኪና ጌም ሰርቨር መጋቢት 31 ቀን 2024 (እ.ኤ.አ.) ዘጋ። ጌሙ ያለ ኢንተርኔት የማይሠራ ስለነበር ብቻውን ለሚጫወተውም፣ ዲስኩን ለገዛውም ጠፋ። ይህን ተከትሎ ድርጅቶች የሸጡትን ጌም ሲተዉ የሚሠራበትን መንገድ ትተው እንዲሄዱ የሚጠይቅ ዘመቻ ተጀመረ፤ በአውሮፓ ኅብረት ለቀረበው ጥያቄም ከ1 ሚሊዮን በላይ ፊርማ ተሰብስቧል።

የድርጅቶቹ መልስ «የሸጥንላችሁ ጌሙን ሳይሆን የመጠቀሚያ ፈቃዱን ነው» የሚል ነው። ይህ በረጅሙ የውል ጽሑፍ ውስጥ ሰፍሯል፤ ማን ያነበዋል? እኛ ሙስሊሞች ሽያጭ (በይዕ) እና ኪራይ (ኢጃራ) የተለያዩ ውሎች መሆናቸውን፣ ኪራይም የታወቀ ጊዜ እንደሚያስፈልገው እናውቃለን። «ግዛ» በሚል ቁልፍ የተሰጠ፣ ማብቂያው ያልታወቀ ፈቃድ የትኛው ውል ነው? ብይኑን ለዑለሞች እንተወዋለን። የካሊፎርኒያ ግዛት ግን ከጥር 1 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ፣ ሻጩ ዕቃው ፈቃድ ብቻ መሆኑን በግልጽ ካልተናገረ «ግዛ» የሚለውን ቃል እንዳይጠቀም በሕግ ከልክላለች። ከኢንተርኔት ውጭ ለዘለቄታው ሊቀመጥ የሚችል ፋይል ከዚህ ነጻ ነው።

ከመክፈላችን በፊት ጌሙ ያለ ኢንተርኔት ይሠራ እንደሆነ፣ የመጫን ገደብም እንዳለው እንጠይቅ። ገደብ ያለው ጌም ካለን፣ ኮምፒውተሩን ፎርማት ከማድረጋችን ወይም ከመሸጣችን በፊት ምዝገባውን ከጌሙ ውስጥ መሰረዝ ይቻል እንደሆነ እንይ፤ «ስፖር» ኋላ ላይ ይህን ፈቅዷል። ውጭ አገር ያለ ዘመድ በራሱ አካውንት የሚገዛልን ጌም እዚያው አካውንት ላይ እንደሚቀር እንወቅ፤ ብዙዎቹ መደብሮች አካውንት ለሌላ ሰው ማስተላለፍን አይፈቅዱም። እንደ «ጎግ» ያሉ መደብሮች ደግሞ መቆለፊያ የሌለው የመጫኛ ፋይል ይሰጣሉ። እሱን በሃርድ ዲስክ ገልብጦ ማስቀመጥ ይቻላል፤ መደብሩ ቢዘጋም ይጫናል።