ከማርሽ ባንድ ወደ ኦርኬስትራ ለሚሄዱ ትራምፔት ነፊዎች

ከገንዳ ውኃም ከጎንደርም የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። በማርሽ ባንድ ትራምፔት ሲነፋ የቆየ ልጅ አዲስ አበባ ይመጣና ቫዮሊንና ቼሎ ካለበት ኦርኬስትራ ጋር የመጫወት ዕድል ያገኛል። "ምን ልለማመድ?" ይለኛል። አብዛኞቹ ከኔ የሚጠብቁት ጣት አፍጥን፣ ከፍተኛውን ድምፅ አውጣ የሚል መልስ ነው። እኔ ግን ከሁሉ በፊት መለከትን አስብ እላለሁ።

የመተማ ልጅ ስለ መለከት ሳይሰማ አያድግም። የመጋቢት 1881 ዓ.ም. ጦርነትና የአፄ ዮሐንስ አወዳደቅ በተተረከ ቁጥር ነጋሪቱ፣ እምቢልታውና መለከቱ አብረው ይነሳሉ። መለከት ቀዳዳም ቫልቭም የለውም፤ ቆዳ የለበሰ ረጅም የሸምበቆ ቱቦ ነው። ነፊው ከንፈሩን ጠበቅና ላላ እያደረገ ቱቦው የሚሰጠውን ጥቂት ድምፅ ብቻ ያወጣል። ዜማ የማውረድ ሥራ አልተሰጠውም። ንጉሥ መምጣቱን፣ ጦር መነሳቱን ያስታውቃል፤ የቀረውን ጊዜ ዝም ይላል።

የአውሮፓው የኦርኬስትራ ትራምፔትም ከዚሁ ዓይነት ቤት ነው የወጣው። የቤተ መንግሥትና የፈረሰኛ ጦር መሣሪያ ነበር፤ ጓደኛውም ቲምፓኒ፣ የእነሱ ነጋሪት። በሃይድንና በሞዛርት ሲምፎኒዎች ሁለቱ አብረው ሲገቡና አብረው ሲያርፉ የምታዩት ለዚህ ነው። ቫልቭ በፕሩሲያ የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1818 ሲሆን ቤትሆቨን አምስተኛውን ሲምፎኒ ቪየና ላይ ያሰማው ከዚያ 10 ዓመት ቀድሞ፣ በ1808 ነው። የሲምፎኒውን የመጨረሻ ክፍል አጀማመር አዳምጡት። ትራምፔቱ ዶ፣ ሚ፣ ሶል ብሎ ይነሳል። ቫልቭ የሌለው ቱቦ በተፈጥሮው ከሚሰጣቸው ድምፆች ሦስቱ ናቸው፤ አንድ ጀማሪ በመጀመሪያው ወር ሊነፋቸው ይችላል። እነዚያን ሦስት ድምፆች በትክክለኛው ቅጽበት፣ በትክክለኛው ክብደት፣ ያለ አንዳች ስንጥቅ ማውጣት ግን የዕድሜ ልክ ሥራ ነው። ትሮምቦን ነፊዎቹማ ሦስቱን ክፍል እጃቸውን አጣጥፈው ቆይተው እዚህ ነው የሚገቡት።

ከማርሽ ባንድ ስለመጣችሁ ደግሞ አንገታችሁን አትድፉ። የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ የገባው በዚሁ በር ነው። ከዓድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ዛር ኒኮላስ ዳግማዊ ለአፄ ምኒልክ የነሐስ መሣሪያዎች ላከ። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች አዲስ አበባ መጥተው በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የመንግሥቱ ባንድ ሆኑ። ጌታቸው መኩሪያን ተመልከቱ፤ መሣሪያው ሳክስፎን ይሁን እንጂ መንገዱ የእናንተው ነው። ከአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ተነስቶ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር ወደምንለው ቤት ገባ፤ በኋላም ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ተሻገረ። ሽለላውን ግን በየደረሰበት ይዞት ሄዷል።

ወደ ሥራው እንግባ። በማርሽ ባንድ ዜማው በብዛት የእናንተ ነው፤ አንዱን ፓርት ደግሞ ሦስት አራት ሆናችሁ ትነፉታላችሁ። አንዱ ትንፋሽ ሲወስድ ሌላው ይሸፍናል። ኦርኬስትራ ውስጥ ሁለተኛ ትራምፔት ማለት አንድ ሰው ነው። እሱ ዝም ካለ ያ ድምፅ የለም። የትንፋሻችሁን ቦታ ቤት ሆናችሁ በእርሳስ ምልክት አድርጉበት፤ ልምምድ ላይ እደርስበታለሁ አትበሉ።

ከዚያ ቆጠራ አለ። ኖታውን ስትገልጡ ወፍራም መስመር፣ ከላዩ 47 የሚል ቁጥር ታያላችሁ፤ ቀጥሎ የፍጥነት ለውጥ፣ ቀጥሎ 32። ይህን ሁሉ ባር ዝም ብላችሁ ትቆጥራላችሁ። አቆጣጠሩ እንዲህ ነው፦ አንድ-ሁለት-ሦስት-አራት፣ ሁለት-ሁለት-ሦስት-አራት፣ ሦስት-ሁለት-ሦስት-አራት። የመጀመሪያው ቁጥር ባሩን ይይዛል፣ የቀሩት ምቱን። በየአሥሩ ባር አንድ ጣት ጉልበታችሁ ላይ አሳርፉ። ሥራውን ቀድማችሁ በቀረጻ ስሙና ከመግቢያችሁ አራት ባር በፊት ማን እንደሚጫወት ጻፉ፤ "ኦቦ"፣ "ቼሎ" ማለት ይበቃል። ቁጭ ባላችሁበት መሣሪያው ይቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘ ትራምፔት ደግሞ ድምፁ ይወርዳል። ስለዚህ ከመግባታችሁ በፊት ድምፅ ሳታወጡ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ንፉበት።

የሙቀት ነገር ለቆላ ሰው አዲስ አይደለም። በሚያዝያ ፀሐይ መተማ ሜዳ ላይ የነፋ ሁሉ ድምፁ ወደ ላይ ሲሸሽበት አይቷል፤ የሞቀ አየር ውስጥ ድምፅ ይፈጥናል፣ ስለዚህ ድምፁ ይቀጥናል። ባንድ ውስጥ ሁሉም ነፊ ስለሆነ አብሮ ይወጣል፣ ብዙም አይታወቅም። ኦርኬስትራ ላይ ግን አዳራሹ ሲሞቅ የቫዮሊኑ ክር ይላላና ይወርዳል፤ እናንተ ስትወጡ እነሱ ሲወርዱ መሐል ላይ የሚሰማው ያማል። የማስተካከያውን ቱቦ ሳብ አድርጋችሁ እነሱን ስሙ። በነሐስና በክር መካከል ጠብ ከተነሳ የሚታረቀው ነሐሱ ነው፤ ለኔ ይህ ሕግ ነው።

አቀማመጣችሁም ያታልላል። ከመሪው አሥር ሜትር ያህል ኋላ ናችሁ፤ ያን ርቀት ለመሄድ ድምፅ የሰከንድ ሦስት መቶኛ ያህል ይፈጅበታል። የፊተኞቹን ቫዮሊኖች ሰምታችሁ ብትገቡ አዳራሹ የሚሰማችሁ ዘግይታችሁ ነው። ዱላውን አይታችሁ ግቡ። ስታዲየም ለማዳረስ የለመዳችሁትን ጉልበትም ቀንሱ። ኦርኬስትራ ውስጥ ጮክ ብላችሁ ንፉ ሲባል ከቫዮላው በላይ ማለት እንጂ ከሰልፈኛው ጫማ በላይ ማለት አይደለም።

አሁን ብዙውን ሰው የሚያስደነግጠው ላይ ደረስኩ፣ ትራንስፖዝ። በባንዱ ቢ ፍላት ትራምፔት ይዛችሁ ለቢ ፍላት የተጻፈ ታነባላችሁ። ኦርኬስትራ ግን "ትራምፔት በዲ"፣ "በኤፍ"፣ "በኢ" የሚል ፓርት ያቀርብላችኋል። ምክንያቱ ያው መለከት ነው፤ ቫልቭ የሌለው ቱቦ በየቁልፉ ርዝመቱ መለወጥ ነበረበት፣ ጸሐፊው ደግሞ ሁሉንም እንደ ዶ ጻፈው። በቢ ፍላት መሣሪያ በሲ የተጻፈውን አንድ ሙሉ ድምፅ ከፍ አድርጋችሁ ታነባላችሁ። በዲ የተጻፈውን ሁለት ሙሉ ድምፅ፣ በኢ ሦስት ሙሉ ድምፅ፣ በኤፍ ሦስት ተኩል ከፍ ይላል። በኤ ከሆነ ግማሽ ድምፅ ዝቅ።

ይህን በጠረጴዛ ላይ ስሌት ለመልመድ አትሞክሩ፤ ምቱ አይጠብቃችሁም። እኔ የምመክረው በጆሯችሁ የምታውቁትን ትዝታ ይዛችሁ ከሲ፣ ከዲ፣ ከኢ፣ ከኤፍ እያስነሳችሁ ያለ ኖታ መንፋት ነው። ጣታችሁ የየቁልፉን ቤት ከለመደ በኋላ የቤትሆቨንን ወይም የሃይድንን የትራምፔት ፓርት አውጥታችሁ በየቀኑ ገጽ ገጽ አንብቡ። ድምፆቹ ጥቂት ስለሆኑ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መለማመጃ አላውቅም። በኤፍና በኢ የተጻፉት የኋለኛው ዘመን ሥራዎች ከዚያ በኋላ ይምጡ።